ስምሽ የሌለበት ዝርዝር

"እዚህ ቦታ የአንቺ ዓይነት ሰው ገብቶ አያውቅም" ብለውሻል?

በጣም ጥሩ! እንግዲያው ስለ ሄዘል ኮስግሮቭ ልንገርሽ።

የስኮትላንድ ከፍተኛ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1532 ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ቋሚ ዳኛ መቼ ተሾሙ? በ1996! 464 ዓመት ሙሉ ወንድ ብቻ። ይኼ መቼም የሴቶቹ ስንፍና አልነበረም፤ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነው።

ሄዘል በ1946 ግላስጎው ተወለዱ። እዚያው ሕግ ተምረው በ1968 ጠበቃ ሆኑ። ከዚያስ? ዘለው የዳኝነቱ ወንበር ላይ ወጡ?

በፍጹም!

ኤድንብራ ውስጥ፣ ፍርድ ቤቱ ባለበት ሕንፃ፣ የፓርላማ አዳራሽ የሚባል የቆየ አዳራሽ አለ። ጠበቆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ከጫፍ ጫፍ ይንጎራደዳሉ። ለምን ቁጭ ብለው አያወሩም? የደንበኛቸው ምስጢር የሰው ጆሮ እንዳይገባ ነዋ! መተላለፊያው ላይ ደግሞ የየጠበቃው ስም ያለበት ሳጥን ተደርድሯል። የጉዳዩ ወረቀት እዚያ ይቀመጥለታል። ሥራ ከሌለሽ ሳጥንሽ ባዶ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። ነገም ትመጫለሽ?

ማርጋሬት ኪድ መጥተዋል። በ1923 ጠበቃ ሆነው ገቡ፤ ሩብ ክፍለ ዘመን ለሚጠጋ ጊዜ በአዳራሹ ብቸኛዋ ሴት ጠበቃ ነበሩ። እሳቸው ቢሰለቹ ኖሮ ሄዘል ማንን ያዩ ነበር?

አሁን የሄዘልን ደረጃ ቁጠሪ። በ1979 ሸሪፍ ሆኑ (ፊልም ላይ ያየሽው ባለ ሽጉጥ አይደለም፤ በስኮትላንድ ሸሪፍ የሥር ፍርድ ቤት ዳኛ ነው)። በ1991 የንግሥቲቱ አማካሪ ጠበቃ የሚለውን ማዕረግ አገኙ። በ1996 ትልቁ ወንበር!

የጠበቃ ካባ ከለበሱ እስከዚህ ወንበር 28 ዓመት። አንቺ በሦስት ወር ለውጥ ካላየሽ ኮርሱን ትተያለሽ፤ አይደል?

እሳቸው ግን እዚያም አላቆሙም። በ2003 ይግባኝ ሰሚው ችሎት ገቡ፤ አሁንም የመጀመሪያዋ ሴት። ጡረታ የወጡት በ2006 ነው።

ከዚያ በ2016 ሌላዋ ሴት ዳኛ ሊዮና ዶሪያን መጡና በሀገሪቱ ዳኝነት ሁለተኛውን ሥልጣን ያዙ። የመጀመሪያው ሹመት 464 ዓመት ፈጅቶ ነበር። ከዚያ እስከ ዶሪያን? 20 ዓመት ብቻ!

በይ ስልክሽን አስቀምጪ። ያቆየሽውን ማመልከቻ ዛሬ ማታ ጨርሺው!