የኦክስጅን ሕክምናና የፓርኪንሰን ሕመም

ብዙዎቻችሁ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ እርምጃቸው የዘገየ አረጋውያንን ታስታምማላችሁ። “ፓርኪንሰን በኦክስጅን ይድናል” ስለሚባለው ነገር ጥቂት እንማማር።

ሕመሙን በ1817 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ የገለጸው የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ነው። በዚህ ሕመም ሰውነት እንደልብ እንዲንቀሳቀስ የሚረዳውን ዶፓሚን የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ።

በኦክስጅን ሕክምና ታማሚው በተዘጋ ክፍል ሆኖ፣ ከተለመደው 2 ወይም 3 እጥፍ በሆነ የአየር ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳል። በከሰል ጭስ ለታፈነ ሰውና ለአንዳንድ የስኳር ሕመም ቁስሎች ይጠቅማል። ፓርኪንሰንን እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም በ2013 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ እንዳይታለል አስጠንቅቋል። ሕክምናው ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፤ በክፍሉም የእሳት አደጋ ያሰጋል።

የታወቀው መድኃኒት ሌቮዶፓ ነው። ሕመሙን አያጠፋም፤ ምልክቱን ግን ያቀልላል። ስለዚህ ሐኪሙ ያዘዘውን ሰዓት ሳታሳልፉ ስጡ። በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ስለሆነ፣ “ኦክስጅን ጀምረዋልና መድኃኒቱ ይቅር” ብትባሉ አሠሪዎቻችሁ አስቀድመው ሐኪሙን እንዲጠይቁ በትሕትና ንገሩ። አገር ቤት ላለ ወላጅም ለዚህ ሕክምና ገንዘብ ላኩ ብትባሉ፣ የላባችሁን ዋጋ ከማውጣታችሁ በፊት የነርቭ ሐኪም ይጠየቅ።