ካቴና የሰበረውን የሞተር ካርተር ስለ መጠገን

በጥርጊያ መንገድ የሚሠራ ሞተር ብስክሌት ከሚደርስበት ጉዳት ሁሉ ባለቤቱን ቶሎ ተስፋ የሚያስቆርጠው የካርተር መሰበር ነው። ካርተር የምንለው የሞተሩን ዘንግና ካምቢዮውን አንድ ላይ አቅፎ፥ ዘይቱንም ይዞ የሚኖረውን የአሉሚንየም ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን የተበሳ እንደ ሆነ ዘይቱ በመንገድ ላይ ይፈሳል፤ «ሞተሩ አለቀለት» ይባላል፤ ብስክሌቱም በግቢ ጥግ ዝናብ ሲመታው ይከርማል። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የተቻኮለ ነው ብለን እናምናለን። ብስክሌቱ የክትባት ሣጥን ጭኖ ወይም የግብርና ባለሙያ ይዞ ወደ ቀበሌ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የፍርዱ ዕዳ በባለቤቱ ላይ ብቻ አይቀርም።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ሞተር መጻፋችን የኢንጂኔሪንግ ወንድሞቻችንን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ይሁን እንጂ ብረት ሠሪውን «ቡዳ» እያለ ሲሸሽ በኖረ አገር የእጅ ሥራን ነገር ለባለሙያው ብቻ ትቶ ማለፍ ለተማረ ሰው የሚገባ አይመስለንም። ቋንቋውም ቢሆን ይስባል። ካቴና፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ የሚሉትን የኢጣልያንኛ ቃላት መካኒኩ ማንንም ሳያማክር አማርኛ አድርጓቸዋል፤ እኛም እዚህ ሌላ ቃል ለመፍጠር አንደክምም።

ጉዳቱ የሚደርሰው እንዲህ ነው። ካቴናው ከሞተሩ የሚወጣውን ትንሽ ባለ ጥርስ መዘውር ከኋላ እግር ትልቅ መዘውር ጋር ያገናኛል። የትንሹ ጥርስ 15፥ የትልቁ 45 ቢሆን፥ የኋላው ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ትንሹ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ዙሪያው 2 ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ 8 ጊዜ ከሲሶ ያህል ስለሚዞር፥ ትንሹ መዘውር በሰከንድ 25 ጊዜ ይሽከረከራል ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ላይ ካቴናው ሲበጠስ ጫፉ ወደ ፊት ይወረወርና በመዘውሩና በካርተሩ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ይታጠፋል፤ የሚከተለውም በላዩ ላይ ይከመራል። መዘውሩ ግን መዞሩን አይተውም። ብረቱ መውጫ ሲያጣ ደካማውን ጎን፥ ማለት አሉሚንየሙን፥ ሰብሮ ይገባል።

ያን ጊዜ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት፥ ዳግመኛም ለሙከራ እንኳ አለማስነሣት ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ባለ አራት ምት የጃፓን ብስክሌቶች ሞተሩና ካምቢዮው የሚጠጡት ያንኑ አንድ ዘይት ነው፤ በ125ቱ ዐይነት ላይ መጠኑ 1 ሊትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ፈስሶ ለማለቅ ጊዜ አይፈጅም። በባለ ሁለት ምቱ ግን የካምቢዮው ዘይት ለብቻው ነው።

ከዚያ በኋላ የተሰበሩትን ስብርባሪዎች ሁሉ ከመንገዱም፥ ከካቴናው ሥርም መልቀም ነው። እነዚህን እንደ ተሰበረ ጀበና ገጣጥሞ በቀዳዳው ላይ መሙላት ይገባል። የጎደለ ቁራጭ ቢኖር የት እንዳለ መገመት አያስቸግርም፤ በማርሾቹ መካከል ነው። አሉሚንየምን ማግኔት አይስበውም፤ ስለዚህ በዘይት ማፍሰሻው ብሎን ላይ ያለው ማግኔት ምንም አልያዘም ተብሎ መጽናናት አይቻልም። እኛ ከጥገናው ሁሉ ይህን አስበልጠን እናያለን። ቀዳዳው ቢደፈን እንኳ ውስጥ የቀረው ፍንካች በማርሽ ጥርስ መካከል ገብቶ ሌላ ስብራት ያመጣልና።

ስብራቱ በግድግዳው ስስ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ስንጥቁ ወደ ኩሽኔታ መቀመጫ ወይም ሞተሩ ከሻንሲው ጋር ወደሚታሰርበት ብሎን የሚሄድ ከሆነ ግን ሞተሩን ፈትቶ ለጥሩ በያጅ፥ በኋላም ለቶርኒዮ ባለሙያ መስጠት ግድ ይሆናል። የኩሽኔታው መቀመጫ ራሱ ተገንጥሎ ከወደቀ ሌላ ካርተር መፈለግ ይሻላል እንላለን። ታዲያ የካርተሩ ግራና ቀኝ በፋብሪካ አንድ ላይ ተገጥመው የሚበሱ ስለ ሆነ ግማሹን ብቻ ገዝቶ ከአሮጌው ግማሽ ጋር ማጣመር አያዋጣም።

አሁን ወደ ብየዳው እንምጣ። አሉሚንየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ነገር ግን አየር ሲነካው ወዲያው የሚለብሰው ስስ ቆዳ አለ፤ ይህ ቆዳ የሚቀልጠው ከ2000 ዲግሪ በላይ ነው። እንግዲህ ውስጡ ውሃ ሆኖ ሳለ ቆዳው ጠጣር ሆኖ ይቆይና የሁለቱን ወገን መዋሐድ ይከለክላል። በተራው የብረት ኤሌክትሮድ የሚበይድ ሰው የማይሳካለት በዚህ ምክንያት ነው። የአርጎን ብየዳ ግን በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ቆዳውን ይሰብራል፤ ጋዙም አየር እንዳይደርስ ይጋርዳል። የዚህ ዘዴ መነሻ በ1941 እ.ኤ.አ. ራስል ሜሬዲዝ በአሜሪካ የአውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ማግኒዝየምን ለመበየድ በሂልየም ጋዝና በተንግስተን ዘንግ የሠራው ነው። የኦክስጅን ብየዳም በማሟሟሻ ዱቄት ይሠራል፤ ሆኖም አሉሚንየም እንደ ብረት ቀልቶ ሳያስጠነቅቅ ድንገት ስለሚፈስ ልምድ የሌለው ሰው ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ከብየዳው ይልቅ የሚያደክመው ጽዳቱ ነው። ካርተሩ ለዓመታት ዘይት ጠጥቷል፤ እሳት ሲነካው ያን ዘይት ይተፋዋል፥ ብየዳውም እንደ እንጀራ ዐይን ያወጣል። ስለዚህ በናፍታ፥ ከዚያም በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ መድረቅ አለበት፤ ዘይቱ እስኪወጣ ሞቅ እያደረጉ መጥረግ፥ በመጨረሻም በአሴቶን ማጽዳትና አሴቶኑ ፈጽሞ እስኪተን መጠበቅ ነው። ክሎሪን ያለበትን የፍሬን ማጽጃ ግን አደራ፤ በብየዳው ነበልባል ፎስጂን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይሆናል። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ መብሳት እንዳይቀጥል ያደርገዋል። በአጠገቡ ያለው የዘይት መከልከያ ላስቲክ ይውጣ፤ ባትሪውም ይፈታ። የብየዳው መሬት ሽቦ ከቀዳዳው አጠገብ ይታሰር፤ አለዚያ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታዎቹ ውስጥ አልፎ ይበላቸዋል።

አርጎን የሌለበት ከተማ ብዙ ነው። እዚያ ባለ ሁለት ቱቦው የብረት ማጣበቂያ፥ ኢፖክሲ የሚባለው፥ በስስ ቦታ ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳን በደንብ ይደፍናል፤ ጭነት በሚሸከም ቦታ ግን አይታመንም። ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሮ፥ አጽድቶ፥ በውስጥም በውጭም የአሉሚንየም ቁራጭ ደግፎ መለጠፍ፥ ከዚያም ሳይነኩ አንድ ቀን ሙሉ መተው ነው። ብዙ ሰው የሚሳነው ይህ ትዕግሥት ነው።

ጥገናው በማናቸውም መንገድ ቢሠራ መፈተኛው ያው ነው፤ ዋጋውም ከመማሪያ ክፍል የሚገኝ ጠመኔ ነው። ሞተሩ ተፈትቶ ሳለ ካርተሩን በውጭ በኩል በጠመኔ ማልበስ፥ በውስጥ በኩል ላምባ መቀባትና ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ላምባ ዘይት የማያልፍበትን ቀጭን ስንጥቅ ያልፋል፤ ካለፈም ነጩ ጠመኔ ላይ ጥቁር እርጥበት ያሳያል።

አዲሱን ካቴና ከመግጠም በፊት መዘውሮቹ መታየት አለባቸው፤ ጥርሳቸው ተበልቶ መንጠቆ ከመሰለ አዲሱንም ቶሎ ይጨርሱታል። ነባሩ ደኅና ይሆን ወይ ለሚል፥ 428 የተባለው ዐይነት 20 መገጣጠሚያ ሲለካ አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ነው፤ 259 ከደረሰ ብዙ ጊዜ ዕድሜው አልቋል። የማገናኛው መቆለፊያ ዝግ ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ከዚያ አዲስ ዘይት ሞልቶ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ መንዳት፥ ተመልሶም ዘይቱን በነጭ ጨርቅ አጥልሎ፥ የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ በፀሐይ ማየት ነው።