ዱላውን ማን ይቀበላል?
ስለ ንጹሕ ውሃ ከተደረገ አንድ የዓለም ዙሪያ ሩጫ የምንማረው

በየቁምስናው የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች የሆናችሁ፣ በዚህ እትም ስለ ውሃ እንድንማማር መነሻ ያደረግሁት ሩጫን ነው። ከወጣቶቻችን መካከል ለበጎ ሥራ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሩጫ እናዘጋጅ የሚሉ ብዙዎች ስለሆኑ፣ ስለ ውሃ ከተደረጉት ሩጫዎች ሁሉ እጅግ ረጅም ከነበሩት አንዱን መመልከት ይጠቅመናል።

እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2007 በኒው ዮርክ ከሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጽሕፈት ቤት 20 ሯጮች የተካፈሉበት የዱላ ቅብብል ሩጫ ተጀመረ። ስሙ «ብሉ ፕላኔት ራን» ይባል ነበር። ሯጮቹ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ፣ አንዱ ተራውን ሲጨርስ ሌላው እየተቀበለ፣ አውሮፓን አቋርጠው በሩሲያና በሞንጎሊያ በኩል ቻይናና ጃፓን ደረሱ፤ ከዚያም ሰሜን አሜሪካን ተሻግረው ከ95 ቀናት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 4፣ ወደ ተነሡበት ተመለሱ። የታለፉት አገሮች 16፣ የተሮጠው መንገድ 15,200 ማይል፣ ማለትም ከ24,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው። ለየቀኑ ቢካፈል 257 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ሻሸመኔ እንደ መሄድ ነው፣ ያውም ሦስት ወር ሙሉ በየዕለቱ። ይሁን እንጂ አንድ ሯጭ በተራው የሚሸፍነው 16 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ሥራው የተቻለው አንድ ብርቱ ሰው ስለ ተገኘ ሳይሆን፣ በየማለዳውና በየእኩለ ሌሊቱ መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ተቀባይ ስላልታጣ ነው።

መንገዱን በካርታ ላይ ለሚከታተል ሰው አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የውሃ ችግር ከሁሉ በጸናባት በአፍሪካ አንድም ሯጭ አላለፈም። እኔም መጀመሪያ ላይ ይህ ቅር አሰኝቶኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ምክንያቱ ተገለጠልኝ። እንስራ አዝላ ወይም 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ እናት ስለ ውሃ ችግር ግንዛቤ እንዲሰጣት አትሻም። 20 ሊትር ውሃ ማለት 20 ኪሎ ሸክም መሆኑን ከማንም በላይ ወገቧ ያውቀዋል። ማወቅ የሚገባው ቧንቧ ከፍቶ ፊቱን የሚታጠበው ሰው ነው፤ ሩጫውም በእርሱ ደጃፍ አለፈ። በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ከጌታ ጋር የተነጋገረችው ሳምራዊት ውሃ ቀጂም መልእክተኛም ራሷ ነበረች። በእንዲህ ያለ ሩጫ ግን መልእክት የሚያደርሰው ሌላ፣ የሚጠማው ሌላ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል።

በሩጫው ዘመን ንጹሕ የመጠጥ ውሃ የማያገኙ ሰዎች ቁጥር 1.1 ቢሊዮን ነው ይባል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለ2022 ያወጡት ግምት ደግሞ 2.2 ቢሊዮን ይላል። አስተማሪዎች ይህን ስታስረዱ ተጠንቀቁ፤ ችግሩ በእጥፍ አደገ ማለት አይደለም፣ የተለወጠው መለኪያው ነው። አዲሱ መለኪያ ውሃው በግቢ ውስጥ የሚገኝ፣ በተፈለገ ጊዜ የሚቀዳና ከብክለት የጸዳ እንዲሆን ይጠይቃል። ደርሶ መልስ፣ ወረፋውን ጨምሮ፣ ከ30 ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ከተሻሻለ ምንጭ መቅዳት የማይችሉት በዚያው ዓመት 703 ሚሊዮን ነበሩ። ልጆች በየቤታቸው ውሃ ለመቅዳት የሚፈጀውን ጊዜ ለክተው እንዲመጡ ብታዟቸው፣ ይህ ቁጥር ለብዙዎቹ የራሳቸውን ቤት የሚመለከት ሆኖ ያገኙታል።

ሳላነሣው ማለፍ የማይገባኝ ሌላም ነገር አለ። የሩጫው ዋና የገንዘብ ደጋፊ ዳው የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ነበር። ይህ ኩባንያ በ2001 የጠቀለለው ዩኒየን ካርባይድ፣ በ1984 በሕንድ አገር በቦፓል ከተማ ብዙ ሺህ ሰዎችን የፈጀው የመርዝ ጋዝ ካፈተለከበት ፋብሪካ ጋር ስሙ የተያያዘ ነው። በፋብሪካው አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች የጉድጓድ ውሃችን ተበክሏል ሲሉ ኖረዋል፤ ዳው በበኩሉ ተጠያቂነቱን አልቀበልም ይላል። የሯጮቹ ድካም በዚህ ከንቱ ሆነ አልልም። ነገር ግን ገንዘቡ ከማን እንደ መጣ መጠየቅ ለትንሽ ቁምስናም የሚገባ ልማድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ከሩጫው በኋላ ያለው ነው። በ2009 በ20 የአፍሪካ አገሮች ላይ በወጣ ግምት፣ ከተተከሉት የእጅ ፓምፖች መካከል 36 በመቶ ያህሉ አይሠሩም ነበር። ገንዘብ ተሰብስቦ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ሪባን ተቆርጦ ሳለ፣ ዱላው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መሬት ወድቋል ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው በሌሎች ለመፍረድ አይደለም። ባገለገልሁበት በአንድ የገጠር ቁምስና ወጣቶቻችን ሮጠው ባሰባሰቡት ገንዘብ አንድ የእጅ ፓምፕ ተተከለ። ቲሸርት አሳተምን፣ ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ፓምፑንም ባረክሁ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ በዚያ ሳልፍ ሴቶቹ ወደ ወንዙ ሲወርዱ አየሁ። የተበላሸችው በፓምፑ ውስጥ ያለች አንዲት የጎማ ቀለበት ነበረች፤ ዋጋዋ ካሳተምነው ቲሸርት ያነሰ ነው። ለምን አልነገራችሁንም ብዬ ብጠይቅ፣ አንዲት እናት «አባ፣ የማን እንደሆነ መች አወቅን? የእናንተ ነው ብለን ነበር» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በምረቃው ቀን ንግግር ያደረግነው ሰባት ሰዎች ነበርን፤ ከመካከላችን ከዚያ ፓምፕ የሚቀዳ አንድም አልነበረም።

እንደገና ስንጀምር ነገሩን ከመጨረሻው ያዝነው። በመጀመሪያ አምስት አባላት ያሉት የውሃ ኮሚቴ ተመረጠ፤ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ፓምፑን ፈትተው የሚገጥሙ ሁለት ሰዎች ከወረዳው ባለሙያ ሥልጠና አገኙ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየወሩ የሚያዋጣውን መጠን ራሳቸው ተስማምተው ወሰኑ፤ አቅም የሌላቸውን ሁለት አረጋውያንም ነጻ አደረጉ። ወጣቶቹ ዳግመኛ የሮጡት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ቲሸርት አልነበረም። መድረሻው ፓምፑ ዘንድ ሆነ፤ የመጨረሻው ሯጭ የያዘውን ዱላ ለኮሚቴው ሰብሳቢ አስረከበ፤ እርሳቸውም እየሳቁ ከመፍቻው ጋር አንድ ላይ አሰሩት። መለዋወጫዎቹ በቁምስናው ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል። ቁልፉ ያለው በሰብሳቢዋ እጅ ነው።