በተራራና በባሕር መካከል የሚኖሩ ሰዎች

ኖርዌይ በሰሜን አውሮፓ የምትገኝ አገር ናት። በምዕራብ በኩል ባሕሩ በተራሮች መካከል እየጠበበ ወደ አገሩ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለው ጠባብና ጥልቅ ባሕር ፊዮርድ ይባላል።

ፊዮርድ እንዴት ተፈጠረ? ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት አገሩን ወፍራም በረዶ ሸፍኖት ነበር። በረዶው በዝግታ እየተንሸራተተ አለቱን ፋቀው፤ ሸለቆውንም አጠለቀው። በረዶው ሲቀልጥ የባሕር ውሃ ገብቶ ሞላው።

አሁን በፊዮርድ ዳር ያለውን የስትራንዳን ወረዳ እንመልከት። በወረዳው 4,500 ያህል ሰዎች ይኖራሉ። ሜዳ የለም ማለት ይቻላል። ገበሬው በተራራው ጥግ ባለችው ቁራሽ መሬት ድርቆሽ ያጭዳል፤ በግና ፍየል ያረባል። የብርዱ ወራት ረጅም ስለሆነ ድርቆሽ ካልተከመረ ከብት አይተርፍም። ድሮ አንዳንድ ቤተሰቦች ገደል አፋፍ ላይ ያርሱ ነበር። ሕፃናት እንዳይወድቁ በገመድ ይታሰሩ እንደነበር ይነገራል። ዛሬ እነዚያ ቤቶች ባዶ ናቸው።

መሬቱ ስላልበቃ ሕዝቡ ሌላ ሥራ ጨመረ። የወንበርና የጠረጴዛ ፋብሪካ አቋቋመ። ከ1980 ጀምሮም ፒዛ የሚባል አይብ ያለበት ቂጣ በፋብሪካ እየተጋገረና እየቀዘቀዘ ለመላ አገሩ ይሸጣል። የገይራንገርን ፊዮርድ ለማየትም ብዙ እንግዶች በመርከብ ይመጣሉ። ፊዮርዱ በ2005 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተራራው ግን አደጋም አለው። በ1934 በጎረቤት ታፍዮርድ ሌሊት አለት ተንዶ ባሕር ውስጥ ወደቀ። የተነሣው ማዕበል መንደሮችን መታ፤ 40 ሰዎች ሞቱ። ዛሬም በስትራንዳ ኦከርነስ የተባለው ተራራ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በየዓመቱ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ትልቅ ናዳ ቢወርድ ማዕበሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መንደር ይደርሳል።

ታዲያ ሕዝቡ ለምን አይሸሽም? እርሻውም፣ ሥራውም፣ የአባቶቹ ቤትም እዚያው ነው። ስለዚህ ተራራውን ይጠብቃል። ባለሙያዎች ስንጥቁን ሌትና ቀን በመሣሪያ ይለካሉ። እንቅስቃሴው ከፈጠነ ሕዝቡ አስቀድሞ ወደ ከፍታ እንዲወጣ ይነገረዋል።

ተራራን ማቆም አይቻልም። አስቀድሞ ማወቅና መዘጋጀት ግን ይቻላል። ልኬት የሰውን ሕይወት እንደሚያድን ከዚህ እንማራለን።

ጥያቄዎች
1. ፊዮርድ ምንድን ነው?
2. የስትራንዳ ገበሬ ድርቆሽ የሚከምረው ለምንድን ነው?
3. ስንጥቁ ባይለካ ምን ሊደርስ ይችላል? ተወያዩበት።