ሬዲዮ ለሥልጣን ያበቃው፣ ጋዜጣ የተገዳደረው መሪ

ስለ ፕሬስ ነጻነት ስንማር ምሳሌዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ ከዋና ከተማ አይወጡም። እኔ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ወደ አንድ የካናዳ ክፍለ ሀገር፣ ወደ አልበርታ ልወስዳችሁ ነው።

ዊልያም አበርሃርት በካልጋሪ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ደግሞ እሁድ እሁድ በሬዲዮ ይሰብኩ ነበር። በ1930ዎቹ የስንዴ ዋጋ ወደቀ፤ ድርቅ ታከለበት፤ ገበሬው ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ። በ1932 አበርሃርት «ሶሻል ክሬዲት» የተባለውን የኢኮኖሚ ሐሳብ ከስብከታቸው ጋር ማስተላለፍ ጀመሩ። ተስፋው ለማንም ይገባል፦ ለእያንዳንዱ አዋቂ በወር 25 ዶላር! በነሐሴ 1935 በተደረገው ምርጫ አዲሱ ፓርቲያቸው ከ63 መቀመጫ 56ቱን ጠራርጎ ወሰደ።

ሕዝቡን ሞኝ ነበር ማለት ይቀለን ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን ልክ አይደለም። ባንክ መሬቱን ሊወስድበት የመጣ ገበሬ፣ ችግሩን በስም ጠርቶ የሚያወራለትን ሰው ቢያምን ምን ይገርማል?

ታዲያ 25ቱ ዶላር የት ደረሰ? አልተከፈለም። በ1936 መንግሥታቸው የክፍለ ሀገሩን የቦንድ ዕዳ በጊዜው መክፈል አቃተው። በዚያው ዓመት «የብልጽግና ሰርተፊኬት» የሚባል ወረቀት አወጡ። ባለ 1 ዶላሩን ወረቀት የያዘ ሰው በየሳምንቱ የ1 ሳንቲም ቴምብር መለጠፍ ነበረበት። ብዙ ነጋዴዎች ሸሹት፤ ብዙም አልቆየ።

ጋዜጦች ይህን ሁሉ ሲተቹ አበርሃርት በ1937 የፕሬስ ሕግ አረቀቁ። ጋዜጦች የመንግሥትን ማስተባበያ እንዲያትሙና የዜና ምንጫቸውን ስም እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ነበር። የንጉሡ እንደራሴ አላጸድቅም ብለው ረቂቁን አቆዩት፤ በ1938 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከክፍለ ሀገሩ ሥልጣን በላይ ነው ሲል ወሰነ። ትግሉን የመራው «ኤድመንተን ጆርናል» በዚያው ዓመት የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት አገኘ።

ሆኖም ጉዳዩ በጋዜጠኞች ድል አላበቃም። አበርሃርት በ1940 ድጋሚ ተመረጡ፤ በ1943 ሥልጣን ላይ እንዳሉ ሞቱ። ፓርቲያቸውም እስከ 1971 ገዛ።

እኔ ከዚህ የተማርኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ምንጭን መደበቅ የጋዜጠኛ ቅንጦት ሳይሆን ሥራው የሚቆምበት መሠረት ነው። ሁለተኛ፣ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ግን የተቸገረውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደን ካላዳመጥነው፣ ጥያቄያችንን ከጠላት ወገን የመጣ አድርጎ ያየዋል።