በዛፍ ላይ ባለ ቡና ክሊፕ አይሠራም

«እትዬ፣ ቱም የምኖር የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር እዘምራለሁ፤ ኪቦርድም እጫወታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ጀሙና ሚዛን እየሄድኩ፣ የኛ ሰው እንዳያውቀኝ በሌላ ስም ሰርግ ላይ እዘፍናለሁ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ለምትማረው እህቴ የምልከው ከዚያ ነው፤ አባታችን ካረፈ ወዲህ ቤቱ በእኔ ላይ ነው። አሁን አዲስ አበባ ያለ አቀናባሪ ነጠላ ዜማ ከነክሊፑ እንሥራ አለኝ። ወጪውን አንድ ነጋዴ የዘንድሮውን ቡናችንን ይዞ ሊሰጠኝ ነው፤ እስከ መስከረም መልስ ይፈልጋል። እናቴ አታውቅም። ጸጋዬን ለዓለም ባውለው በደል ይሆንብኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከቱም»

ልጄ፣ የጠየቅኸኝ ስለ በደል ነው፤ ቀን የተቆረጠለት ግን ቡናው ነው። ከሱ ልጀምር።

በ2017 የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ታይቶ የማያውቅ ጣሪያ ነክቶ ነበር። ቡናውን ገና ሳይለቅም ብር የተቀበለ ገበሬ እንዲህ ያለውን ዋጋ የሚያየው በነጋዴው ኪስ ነው። ዋጋው ቢወርድ ደግሞ ነጋዴው ዝም ብሎ የሚከስር አይመስለኝም። ቡና አንድ ዓመት አንዠርግጎ ከሰጠ በሚቀጥለው ይሳሳል፤ ዕዳ አይሳሳም። ከሁሉ በላይ በዚያ ማሳ ላይ የእናትህና የእህትህ ድርሻ አለ። የእህትህን ትምህርት በዘፈንህ እየከፈልክ፣ ቡናዋን በዘፈንህ ልታስይዝባት ነው?

በካሴቱ ዘመን ብሩን የሚያወጣው አሳታሚው ነበር። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ለሚጫን ክሊፕ ብዙውን ጊዜ ድምፃዊው ራሱ ይከፍላል፤ ገንዘቡም ቢመለስ የሚመለሰው በመድረክ ሥራ ነው። ስለዚህ ክሊፑን ተወው፤ ከሰርግ ገቢህ ቀንሰህ አንድ ዜማ በድምፅ ብቻ አስቀርጽ። ያኔም ግጥሙ፣ ዜማውና ቅንብሩ የማን እንደሆነ ከአቀናባሪው ጋር በጽሑፍ ተፈራረም። የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ላንተም ወጥቷል።

ወደ በደሉ ልምጣ። ሙሉቀን መለሰ ስሙ በገነነበት ዘመን ዘፈንን ትቶ ወንጌልን ያዘ፤ በ2016 አረፈ። ሂሩት በቀለም ስንት ዓመት ከዘፈነች በኋላ ወደ መዝሙር ዞረች። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ግን መንኩሰውም ፒያኖውን አልተዉም፤ ከሸክላቸው የተገኘውን ገንዘብ ለችግረኛ ልጆች አዋሉት። መንገዳቸው አይገናኝም፤ አንዳቸውም ግን ተደብቀው አልሄዱም።

እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም። ሆኖም ሙሽራ አጅቦ እህትን ማስተማር ኃጢአት ነው ለማለት አፌ አይደፍርም፤ ጌታም ቃና ሰርግ ቤት ተገኝቷል። እኔን የከበደኝ ሌላው ስምህ ነው። እሁድ ከፊታቸው ቆመህ የምትዘምርላቸው ሰዎች ቅዳሜ ማን እንደሆንክ አያውቁም። ሰርገኛ ወሬውን ቱም ሳያደርሰው ሽማግሌዎቹን ራስህ አነጋግራቸው። ለጊዜው ከአገልግሎት ሊያሳርፉህ ይችላሉ፤ ያማል፣ አልዋሽህም። ፈጽሞ አይሆንም ካሉህም መልሱን ሰምተህ፣ ጸልየህ፣ ዕዳ ሳያጣድፍህ ትወስናለህ።

ነጋዴውን መስከረም ድረስ አታቆየው፤ በዚህ ሳምንት አይሆንም በለው። ለእናትህ ግን ዛሬ ማታ ንገራት። እንዲህ ያለ ነገር ከገበያ ሰው አፍ ከሰማችው ቡናው ባይሸጥም ትቀየምሃለች።