የኤሌክትሪክ ምጣድ ማጥፊያ በየት በኩል ይተከል?

ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ስንጽፍ ቆይተን ስለ ማድ ቤት ግድግዳ መጻፋችን እንግዳ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ኩበቱ ከምድጃ ተርፎ ወደ ማሳ እንዲሄድ የምንመክረው እኛው ስለ ሆንን፣ በኩበት ምትክ የሚገባው ኮረንቲ ሰው እንዳይጎዳ መንገርም የእኛው ሥራ ነው።

በኒሯቅ አንድ ቤት ገብቼ ያየሁት ይህ ነው። ምጣዱ ከማድ ቤቱ ጥግ ተቀምጧል፤ ማጥፊያውም በስተኋላው ካለው ግድግዳ ላይ፣ ልክ ከአክንባሎው በላይ ተተክሏል። የቤቱ እመቤት ለማጥፋት ሲፈልጉ በጋለው ምጣድ ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው በእንፋሎቱ መካከል ይደርሱበታል። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ሽቦው በዚያ በኩል ስለ መጣ ነው» አሉኝ።

እንግዲህ እኒህን ሴት ኮረንቲ ቢይዛቸው፣ ሊያድናቸው የሚሮጠው ሰው ማጥፊያውን ለማግኘት በእሳቸውና በምጣዱ ላይ መንጠራራት ሊኖርበት ነው። ኮረንቲ የያዘውን ሰው ደግሞ በእጅ መንካት አይገባም፤ አዳኙም አብሮ ይያዛል። ስለዚህ የማጥፊያው ትክክለኛ ቦታ በምጣዱና በበሩ መካከል ያለው ግድግዳ ነው። ይኸውም ከምጣዱ ጠርዝ ወደ ጎን ከአንድ ክንድ የማይቀርብ፣ ከ2 ሜትርም የማይርቅ፣ ከፍታውም በቆመ ሰው ደረት ልክ የሆነ ነው። በእንግሊዝ አገርም ለኤሌክትሪክ ምድጃ የሚመከረው ከ2 ሜትር ያልበለጠ ርቀት ነው። ከእንስራና ከሊጥ ማቡኪያ አጠገብ ግን አይሁን። የማሽላ ጆንያ በግድግዳ ማስደገፍ ልማዳችን ስለ ሆነም ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፤ በጆንያ የተሸፈነ ማጥፊያ እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። ምጣዱ አብዛኛውን ጊዜ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ነው። ለአምፖል የተሠራች ትንሽ ማብሪያ ይህን አትችልም፤ ትግላለች፣ ትቀልጣለች። ባለ 25 ወይም ባለ 32 አምፔር ሆኖ ሁለቱን ሽቦ ባንድ ጊዜ የሚቆርጥ ይገዛ። አረንጓዴና ቢጫ የሆነው የመሬት ሽቦ ግን አይቆረጥም፤ ከምጣዱ ብረት ጋር ዘወትር ተያይዞ ይኑር። ምጣዱ ላይ ያለችው ማጥፊያ ሁለቱንም ሽቦ ላትቆርጥ ስለምትችል ብቻዋን አትበቃም። ተከላውን የሙያው ሰው ይሥራው፤ ቦታውን ግን እናንተ አሳዩት፣ አለዚያ ሽቦ የሚያሳጥርለትን ይመርጣል።

ጋገራው ሳያልቅ መብራት ቢጠፋ መጀመሪያ በግድግዳው ማጥፊያ አጥፉ። እንዲሁ ትታችሁት ገበያ ብትሄዱ፣ መብራቱ ሲመለስ ምጣዱ ሰው በሌለበት ቤት ይግላል። ምጣዱን በእርጥብ ጨርቅ ከማበሳችሁ በፊትም እንዲሁ አድርጉ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሞተር ያላችሁ ደግሞ፣ ማጥፊያውን ከጉድጓዱ አፍ አርቃችሁ ዝናብ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ትከሉት። ማጥፊያው ዘንድ የቆመ ሰው ሞተሩን በዓይኑ የሚያየው ይሁን፤ አንዱ ሲጠግን ሌላው ሳያውቅ እንዳያበራበት።